የቀርከሃው ቆዳ

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አለች አበራሽ። «ወባው ጥሎኝ፣ አትሂድ አልኩት። እኔ ነኝ።»

የገባችው ጎረቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ተይ እንጂ፣ ተይ» አለቻት። አበራሽ ግን አልተወችም። ሌላ ሰው ሲገባ ያንኑ ደገመችው። ድምፅዋ አልቋል፤ ሲወጣ የሚሰማው ትንፋሽ ነው።

ባሏ ወልደሰማያት ደጅ ድንኳኑ ሥር ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይሰማታል። መርዶው የመጣው ትናንት ገና ሳይነጋ ነው። የእድሩ ዳኛ ገብረሥላሴ ሽማግሌዎች አስከትሎ በር አንኳኳና ልጃቸው ደምመላሽ በሰሜን ጦር ግንባር መውደቁን ነገራቸው። የሚቀበር ነገር አልነበረም። ፎቶግራፉንና የበዓል ኮቱን ወንበር ላይ አድርገው እሱን እያዩ ያለቅሳሉ።

ወልደሰማያት አላለቀሰም። አንድ ጥያቄ ይዞታል። ልጁ በሕይወት ሳለ ጥያቄው ቁጣ ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ግን ደረቱ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ደምመላሽ ያን ሳምንት ለምን ወደ ሸቤ አልሄደም?

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ነው። በሸቤ መንገድ በተከፈተው የቡና ማጠቢያ ፕሮጀክት አንድ አየርላንዳዊ መካኒክ ነበር። ሰው ሁሉ ሚስተር ፓት ይለዋል። ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፤ ማጥመጃ ዘንጎቹን የሚያድስለት ደምመላሽ ነው። የሰውየውን አባት ዘንግ አድሶ ካመጣለት ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስቀጥረው ቃል ገብቶለት ነበር። ያኔ ቀበሌው ለውትድርና ወጣት ይመለምላል፤ የፕሮጀክት ሠራተኛ የሆነውን ግን አይነኩም ነበር። እና ዘንጉ ተሠርቶ አለቀ። ወደ ሸቤ የሚሄድ መኪናም ጠፍቶ አያውቅም። ልጁ ግን ቤት ተቀምጦ ደጅ ደጁን ሲያይ ሰነበተ። ወልደሰማያት ተቆጣው፤ ሰውየው እየጠበቀህ አንተ ታንቀላፋለህ አለው። ደምመላሽ «እሄዳለሁ አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም። ቅዳሜ ዕለት ሄርማታ ገበያ ዳር መልማዮቹ ከሌሎች ልጆች ጋር ይዘው ጫኑት።

የዚያን ዕለት ማታ ወልደሰማያት ሚስቱን «አንቺ ነሽ ያስቀረሽው» አላት። አሞኛል፣ አትሂድብኝ ብላው እንደነበር ያውቃል። ወባው ቶሎ ለቅቋት እንደነበረም ያውቃል፤ ቢሆንም አላት። አንድ ጊዜ ነው ያላት። አልደገመውም፤ መድገም አላስፈለገውም። አሁን ለለቀስተኛው የምትለው የሱን ቃል ነው።

ገብረሥላሴ ጸጥታ አይችልም፤ በተለይ የለቅሶ ቤት ጸጥታ። አጠገቡ ወደተቀመጡት ዞረና፣

«ይኼ ልጅ አውራ ዶሮዬን ያዋረደብኝ ልጅ ነው» አለ። «አንድ ቀን ዶሮው ጭራውን ተነጭቶ መጣ። ጅብ ስቶት ነው ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ለካ ጭራው መንጠቆ ላይ ታስሮ፣ ዝንብ መስሎ ጎጀብ ወንዝ ወርዷል።»

«ታዲያ ምን አደረግኸው?» አለ አንዱ።

«ምን አደርገዋለሁ፤ በማግስቱ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ሚስቴ ሌላውንም ዶሮ ይውሰድ አለች።»

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ መሳቃቸው አሳፍሯቸው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ሀጂራ ከሴቶቹ በኩል ሰምታ ኖሮ የራሷን ጨመረች። ሀጂራ ሄርማታ ክር የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት። ደምመላሽ ሱቋ እየመጣ የሐር ክር ሲመርጥ እንደ ሙሽራ እናት ያስቸግራት እንደነበረ አወራች። ለማን ቀሚስ ነው ስትለው ለዱላ ነው ይላት ነበር።

ዱላ የሚለው ቃል ከወልደሰማያት የመጣ ነው። ሀጂራ ይህን አታውቅም።

ወልደሰማያት አናጢዎች የሠሩትን አልጋና ቁምሣጥን ፍቆ፣ አለስልሶ፣ ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው ነው። ከመንዝ ወጥቶ ጅማ ከገባ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። አንድን ጣውላ በመዳፉ ሲዳብስ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚጎረብጥ ነገር ካገኘ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ልጁንም ለዚህ ሥራ ነበር ያሰበው።

ሚስተር ፓት የተሰበረ ወንበር ሊያሠራ በመጣ ጊዜ ግን ደምመላሽ ወንበሩን ትቶ መኪናው ላይ የነበረውን ዘንግ አየ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አላየም። ሰውየው አስተማረው። ዘንጉ አንድ ቀርከሃ አይደለም፤ እንደ እርሳስ ከቀጠኑ ስድስት ፍላጮች ተጣብቆ የሚሠራ ነው። አሮጌው ቫርኒሽ በቢላ ጀርባና በጥፍር ቀስ ተብሎ ይነሣል። የጎበጠው በፋኖስ ሙቀት ይቃናል። ገመዱ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በሐር ክር ይታሰራሉ። ልጁ አንዷን ዘንግ ይዞ ወር ይከርማል።

«አልጋ ሰው ይተኛበታል» ይለው ነበር ወልደሰማያት። «ዱላ ምን ይሠራል?»

ደምመላሽ ክሩን ማሰሩን ይቀጥላል። ወርክሾፕ ባደረጓት የጓሮ ክፍላቸው ውስጥ አባትየው በአንድ ጥግ፣ ልጁ በሌላው ጥግ፣ ጀርባ ለጀርባ ይሠራሉ። ወልደሰማያት አንድም ቀን ዞሮ ምን ላይ ደረስህ ብሎት አያውቅም።

አንድ ቀን ብቻ ዞረ።

ደምመላሽ ያን ዕለት ሀጂራ ጋ ያጣውን ክር ፍለጋ አጋሮ ሄዶ ነበር። የሚስተር ፓት አባት ዘንግ ጠረጴዛው ላይ በየቁራጩ ተዘርግቷል። ልጁ የሚቀጠርበት ዘንግ ይህ መሆኑን ወልደሰማያት ያውቃል። ተነሥቶ አየው። አሮጌው ቫርኒሽ እዚህም እዚያም ተጣብቆ ቀርቷል። አንጓዎቹ ያበጡ ናቸው። ዘንጉ ክብ እንኳን አይደለም፤ ስድስት ጠርዝ አለው፣ ጣት ይጎረብጣል። ልጁ ማለስለስ አላወቀበትም አለ በልቡ። ማን ያስተምረው፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው።

ወደ ራሱ ጠረጴዛ ወሰደው። ብርጭቆ ወረቀት አወጣ፤ መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ ለስላሳውን። ምሳ አልበላም። አንጓዎቹን ደለደላቸው። ጠርዞቹን አንድ በአንድ ፍቆ ዘንጉን ክብ አደረገው፤ ጣት ሲያልፍበት ውሃ ላይ እንደማለፍ ሆነ። ጥጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ቫርኒሽ አጠጣው፣ አደረቀው፣ ደግሞ አጠጣው። ከቁራጮቹ አንዱ፣ ለመለዋወጫ የተሠራው ትርፍ ጫፍ፣ ረጅም የቆርቆሮ መያዣ ጣሳ ውስጥ ስለነበረ አላየውም።

ደምመላሽ አመሻሽ ላይ ገባ። ወልደሰማያት ዘንጉን አቀበለው። ልጁ ወደ በሩ ወስዶ በብርሃን አየው። በጣቶቹ መካከል ቀስ አድርጎ አዞረው። ከዚያ ወደ አባቱ ተመለሰና፣

«ያምራል፣ አባባ» አለ። «እጅዎን አላመመዎትም?»

ወልደሰማያት ከልጁ ጋር ስለኖረበት ዘመን ሲያስብ ያን ቀን ነበር የሚያነሣው። መርዶውን ከሰማ በኋላም ሲጨንቀው የሚጠጋው ወደዚያ ቀን ነው።

ሙሐመድሳኒ የመጣው በሰልስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። የሸቤ ልጅ ነው፣ የደምመላሽ የወንዝ ጓደኛ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቆዳው በጎጀብ ፀሐይ የጠቆረ። ጮሆ አልገባም። የወልደሰማያትን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «ረቢ ሰብሪ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ» አለ፤ ፈጣሪ ትዕግሥቱን ይስጥዎት ማለቱ ነው። ብብቱ ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል። የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ እንደያዘው ተቀመጠ፤ እንደያዘውም ሻይ ጠጣ።

ወልደሰማያት ጥቅሉን አይቶ ተነሣ። «ና» አለው። ወደ ጓሮ ክፍሉ ይዞት ገባና በሩን ገርበብ አደረገ።

«የሱ ነው፣ አባባ» አለ ሙሐመድሳኒ። «እኔ ጋ መቆየት የለበትም ብዬ ነው።»

«ሚስተር ፓት ጋ አልደረሰም?»

«አልደረሰም። ሰውየውም አገሩ ገባ።»

ወልደሰማያት አንሶላውን ፈታ። የመካከለኛው ቁራጭ ተሰብሯል። ስብራቱ እንደ እንጨት ስብራት አይደለም፤ እንደ ተመጠጠ ሸንኮራ ጭረት ጭረቱ ወጥቷል። ቫርኒሹ ግን እንዳማረ ነው። የራሱን ሥራ አወቀው።

«ማን ሰበረው?»

«ማንም አልሰበረው። ዘንጉ ባለቀ በማግስቱ ኪቶ ወንዝ ወርደን ሞከርነው። ዓሣም አልያዘ፤ ገመዱን ወርወር ሲያደርግ ነው።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን፣ አባባ።»

ጥቅሉ ውስጥ ጣሳው አለ። ወልደሰማያት ከፍቶ ትርፉን ጫፍ አወጣ። ይህን እጁ አልነካውም። ስድስቱ ጠርዝ እንዳለ ነው፤ አንጓዎቹም እንዳበጡ ናቸው። አጎበጠውና ለቀቀው። ተስፈንጥሮ ተቃና፤ ንዝረቱ እስከ ክርኑ ተሰማው። እሱ የፋቀውን ጫፍ አነሣና እንደዚያው አጎበጠው። ሲለቀው እንደጎበጠ ቀረ።

ወደ መስኮቱ ሄደ። የስብራቱን አፍ ዓይኑ ሥር አቀረበ። የቀርከሃው ውስጥ እንደ ስፖንጅ ባዶ ባዶ ነው። ጠንካራው ጭረት ያለው ዳር ላይ፣ ቆዳው ሥር ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ የጠቆረ። ያልተነካውን ጫፍ በስሩ በኩል አየው፤ ያ የጠቆረ ዳር ዙሪያውን አለ። በተሰበረው ላይ በአንድ ወገን ክር ያህል ቀርቷል፤ በሌላው ወገን የለም። ወልደሰማያት ብዙ ዓይነት እንጨት ያውቃል። እንጨት ብትፍቀው ከሥሩ ያው እንጨት ነው። ይኼ እንደዚያ አልነበረም።

አውራ ጣቱን በስብራቱ አፍ ላይ አሳለፈ። ከሴቶቹ ክፍል የአበራሽ ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ነበር።

«የሰበረው ብርጭቆ ወረቀት ነው» አለ።

ሙሐመድሳኒ አንገቱን ደፋ።

«አልጠየቅሁህም፣ ልጄ። እየነገርኩህ ነው።»

«እንዳልነግርዎት አስምሎኝ ነበር፣ አባባ። ወላሂ፣ ራስዎ ባይደርሱበት አፌን አልከፍትም ነበር።»

ከዚያ የቀረውን ነገረው። ደምመላሽ ገና በሩ ላይ ቆሞ ሲያየው ነው ያወቀው። ቢሆንም ምናልባት ብሎ ወንዝ ወሰደው። ሲሰበር ስባሪውን ሰብስቦ ሸቤ እንዲደብቅለት ለሙሐመድሳኒ ሰጠው፤ ቤት ከገባ አባባ ያየዋል አለ። ሙሐመድሳኒ ሄደህ ለሰውየው እውነቱን ንገረው ብሎት ነበር።

«'ማን ፋቀው ቢለኝ ማንን እጠራለሁ?' አለኝ።»

«እኔ ነኝ ለምን አይልም?»

«እሱንም አልኩት። ሰውየው መጀመሪያ ያስተማረው ቆዳውን አትንካ ብሎ ነው፤ እኔ ነኝ ቢል ሥራውን አይሰጠውም። አባቴ ነው እንዳይል ደግሞ...» ሙሐመድሳኒ እዚህ ላይ አቆመ።

«ጨርስ።»

«'አባባ በኔ ሥራ ላይ እጁን ያሳረፈው ያን ቀን ብቻ ነው' አለኝ።»

ወልደሰማያት የፋቀውን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተንከባለለ። በእጁ ያዘው። ስድስት ጠርዝ ቢኖረው አይንከባለልም ነበር።

ደምመላሽ ሌላ ዘዴ አስቦ ነበር። ማሻ ደጋው ላይ ጥሩ ቀርከሃ አለ፤ የሙሐመድሳኒ አጎት እዚያ ይኖራል። ጎጆው ጣራ ሥር በጭስ የደረቀ ቢገኝ፣ ስድስቱን ፍላጭ ራሱ ፈልጦ የተሰበረውን ሊተካ ነው። ሙሐመድሳኒ ሄደ። ደምመላሽ ደጅ ደጁን ሲያይ የሰነበተው እሱን ሲጠብቅ ነው። ሲመለስ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። ቀርከሃውን ተሸክሞ ጅማ ሲገባ ልጁን ከጫኑት አንድ ቀን አልፎ ነበር።

«እኔ ነኝ የዘገየሁት» አለ ሙሐመድሳኒ። ዓይኑ ሞላ። «በእግሬ ብመጣ እደርስ ነበር። ዝናቡ ያባራል ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ወልደሰማያት ቀና ብሎ አየው። ይህን ልጅ ዓመት ሙሉ ማንም አንተ ነህ አላለውም። ብቻውን ነው እዚህ የደረሰው።

«አንተ አይደለህም» አለው። «ስማኝ። አንተ አይደለህም። ሂድ፣ እህል ቅመስ። ሀጂራ የናንተን ምግብ ለብቻው አስቀምጣለች።»

ብቻውን ሲቀር ቁራጮቹን በአንሶላው መልሶ ጠቀለለ። ያ አንድ ቀን ከእጁ ወጥቷል። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ዘንጉን በብርሃን ሲያዞር ምን ያይ እንደነበር አሁን ያውቃል፤ ከእንግዲህ ሊጠጋበት አይችልም።

ዝም ማለትም ይችል ነበር። ሙሐመድሳኒ አይናገርም። ሚስተር ፓት አገሩ ገብቷል። አበራሽ በዚህ ቤት ውስጥ ያለችው የመጨረሻ ሰው ናት፤ ፊቷን ካዞረችበት የሚቀረው የለም። በሩ ሥር ቆሞ ይህን አሰበ። ከሴቶቹ ክፍል «እኔ ነኝ» የሚለው ተሰማ፣ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ።

ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ገባ። ወንድ የሚቀመጥበት አልነበረምና ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ተያዩ። ሀጂራ ፊቱን አየችና በአንድ ጊዜ ሁሉንም አስነሥታ ይዛቸው ወጣች፤ ገብረሥላሴ እህል አቅርቡ እያለ ነው አለቻቸው። ወልደሰማያት ፍራሹ ላይ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንቺ አይደለሽም» አላት።

«ተወኝ። አንተው ነህ ያልከኝ።»

«ያልኩሽ እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው።»

ነገራት። አሳጥሮ ነው የነገራት፤ ሌላ አነጋገር አያውቅም። የዘንጉ ጉልበት ቆዳው ላይ እንደነበረ። እሱ ቆዳውን እንደ አልጋ ራስጌ ፍቆ እንደጣለው። ልጁ ደጅ ደጁን ያይ የነበረው ምን ሲጠብቅ እንደሆነ። ከጠዋት ጀምሮ ሲወዛወዝ የነበረው የአበራሽ ገላ ቆመ።

«ያን ዕለት አውቆ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«በሩ ላይ ሲያየው ነው ያወቀው።»

«ምን አለህ?»

ወልደሰማያት በሩን አየ።

«ያምራል አለኝ።»

አበራሽ አፏን በመዳፏ ያዘች። አላለቀሰችም። ፎቶግራፉን አየች፤ ከዚያ ግድግዳውን። ጎን ለጎን ተቀምጠው ማዶ የገብረሥላሴ ድምፅ ሰውን ወደ ማዕድ ሲጠራ ሰሙ። ጥቂት ቆይቶ ሀጂራ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች፤ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳፋ ይዛለች። ሦስቱንም ቀን እነሱን ያስታጠበች እሷ ናት፤ ሐዘንተኛ አይላላክም። አበራሽ ግን ተነሣች። ሀጂራ «ተይ አንቺ ቁጭ በይ» ስትላት አልሰማቻትም። ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻት፣ ሳፋውንም ባሏ ፊት አኖረች። ሀጂራ ወጣች።

ወልደሰማያት እጁን ዘረጋ። አበራሽ አፈሰሰች። እሱ አላሻሸም፤ ሁለቱን መዳፍ ወደ ላይ አድርጎ ያዘው። በጥፍሩ ጠርዝና በመዳፉ መስመር የገባው የቫርኒሽ ቡኒ ከስንት ዘመን ጀምሮ አልለቀቀም፤ አሁንም አልለቀቀም። አበራሽ ፊቱን አላየችም። የምታየው እጁን ነበር። ውሃው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ አለቀ። እሱ እጁን አልሰበሰበም፤ እሷም ማንቆርቆሪያውን እንዳዘመመች ቆመች።